በችሎት ድራማ ላይ የጠበቃን ስልት እንዴት እንመዝን

የችሎት ድራማ አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር የሚሰማው አስተያየት ይመሳሰላል። ጠበቃዋ አንጀት አራሰች፣ ዐቃቤ ሕጉ ደም አፈላ፣ ዳኛው ለማን እንደሚያደላ ገና ሲገባ ያስታውቃል። ይህን ማለት ነውር የለውም፤ ድራማ የሚታየው ለስሜት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ተነስተን «ክርክሩን አሸነፈች» ስንል ነው። አንጀት ያራሰው ንግግር ለመዝገቡ አንዲት ማስረጃ ሳይጨምር ሊያልፍ ይችላል፤ አሰልቺ የመሰለው የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ደግሞ ክሱን ከሥሩ ሊነቅለው ይችላል።

ሁለቱን ለይቶ ለማየት አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶና ድራማውን ወደ ኋላ መመለስ የሚያስችል ማጫወቻ ይበቃል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕጉም ሌላ አገር ካልተጠቀሰ በቀር የአሜሪካ ነው፤ በየቴሌቪዥኑ በብዛት የምናየው ችሎት የእነሱ ስለሆነ።

ክሱ ምን ይላል?

ማንኛውም የወንጀል ክስ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መረጋገጥ ያለባቸው ፍሬ ነገሮች አሉት። ድራማው ክሱን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶት ያልፋል። እዚያ ላይ አቁማችሁ ክሱን በወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት፤ ከሥሩ ፍሬ ነገሮቹን በየረድፉ አስቀምጡ። የግድያ ክስ ከሆነ ረድፎቹ አራት ያህል ናቸው፦ ሰው ሞቷል፤ ለሞቱ ምክንያት የሆነው ተከሳሹ ነው፤ ተከሳሹ ያደረገው አስቦ ነው፤ ድርጊቱን የሚፈቅድለት ምክንያት፣ ለምሳሌ ራስን መከላከል፣ አልነበረም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የአንደኛ ደረጃ ግድያ ከሆነ ደግሞ «አስቀድሞ መክሮበት ነበር» የሚል አምስተኛ ረድፍ ይጨመራል።

ዐቃቤ ሕግ ከአንዱ ረድፍ በቀር ሁሉንም ቢያረጋግጥ እንኳ በዚያ ክስ ጥፋተኛ ማስባል አይችልም። ተከላካዩ ጠበቃ በአንጻሩ ሁሉንም መምታት አይጠበቅበትም፤ አንዱ ይበቃዋል። ስለዚህ ጥሩ ተከላካይ ጠበቃ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው የሚመታውን ረድፍ መምረጥ ነው። ድራማው ላይ ጠበቃዋ አንድ ሙሉ ክፍል በጩቤው ላይ ስላለው አሻራ ስትከራከር ካያችኋት፣ ወረቀቱን ተመልከቱ። ተከሳሹ የሟች የቤት ሰው ከሆነና ጩቤውም የወጥ ቤቱ ከሆነ አሻራው ለማንም ምንም አይነግርም፤ ቢወድቅም ቢጸናም ሁለተኛው ረድፍ ባለበት ይቆያል። እንዲህ ያለው ክርክር ለዓይን ይሞላል እንጂ የትም አያደርስም፤ አስተያየታችሁ ላይ ልታነሱት የሚገባውም ይኸው ነው።

የማስረዳት ሸክሙ ያለበትን ወገንና መጠኑንም እዚያው ጻፉ። በወንጀል ዐቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። በፍትሐ ብሔር ከሳሽ የእሱ ወገን ሚዛን በጥቂቱም ቢሆን እንደሚደፋ ካሳየ ያሸንፋል። በነፍስ ግድያ ክስ ነፃ የወጣ ሰው በኋላ የሟች ቤተሰብ የካሳ ክስ መሥርቶበት ሲረታ የሚታይባቸው ድራማዎች ላይ ብዙ ተመልካች «ደራሲው ተምታታበት» ይላል። አልተምታታበትም፤ ሁለቱ ችሎቶች የሚመዝኑት በተለያየ ሚዛን ነው።

ጥያቄውን ተዉት፣ መልሱን ጻፉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። በአሜሪካ ችሎት ዳኛው ለጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ለሚሉት ሰዎች፣ ከሚሰጠው መመሪያ አንዱ የጠበቆች ንግግርና ጥያቄ ማስረጃ አለመሆኑ ነው። ማስረጃው ምስክሩ የሚሰጠው መልስ፣ ኤግዚቢቱና ሰነዱ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ጠበቃው የተጋጣሚውን ምስክር የሚጠይቅበት ክፍል፣ ሲጀመር ጠበቃው ያለውን ትታችሁ ምስክሩ የተናገረውን ብቻ በአጭሩ ጻፉ። ትዕይንቱ ሲያልቅ የጻፋችሁትን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ከጽሑፉ ውስጥ ረድፍ የሚነካ መልስ ካልተገኘ፣ ሙዚቃው ምንም ያህል ቢያስደነግጥ፣ ጥያቄው አልሠራም።

ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት የ1858ቱን የአርምስትሮንግ ችሎት ማየት ይጠቅማል። አብርሃም ሊንከን፣ ገና ፕሬዚዳንት ሳይሆን፣ በኢሊኖይ ግዛት በቤርድስታውን ከተማ በነፍስ ግድያ ለተከሰሰ ደፍ አርምስትሮንግ ለሚባል ወጣት ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ድብደባውን በሌሊት፣ ከርቀት ላይ ሆኖ ማየቱን ተናገረ። እንዴት ሊታይህ ቻለ ሲባል መልሱ ጨረቃዋ ደምቃ ነበር የሚል ነው። ሊንከን ወዲያው አልተጋፈጠውም። ይህንኑ መልስ ደጋግሞ አስባለው፤ ምስክሩም እያደር ጸናበት። ከዚያ በኋላ ነው የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ አውጥቶ ያሳየው፦ በተባለው ሰዓት ጨረቃዋ ልትጠልቅ ተቃርባ፣ ዝቅ ብላ ነበር። ተከሳሹ ነፃ ወጣ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ምስክሩ በራሱ ቃል ይታሰራል፣ ቀጥሎ ማምለጫው አንድ በአንድ ይዘጋል፣ ሰነዱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ ጠበቃው ይቀመጣል። ሊንከን ሰነዱን በመጀመሪያ አውጥቶ ቢሆን ምስክሩ «ጨረቃዋ እንኳ አልነበረችም፣ ፋኖስ ነበር» ብሎ ለመዞር ጊዜ ያገኝ ነበር። ድራማ ላይ ብዙ ጠበቆች የሚወድቁት በዚህ ነው፤ ማስረጃውን ገና ሲነሱ ጠረጴዛው ላይ ይወረውሩታል።

ሌላው የተለመደ ውድቀት መጨረሻ ላይ ነው። ምስክሩ ተይዟል፣ መልሱ ተመዝግቧል፤ ጠበቃዋ ግን አልጠገበችም። ወደ ምስክሩ ጠጋ ብላ «ታዲያ ለምን ዋሸህ?» ትላለች። «ለምን» በመስቀለኛ ጥያቄ ውስጥ አደገኛ ቃል ነው፤ ምስክሩ እስከዚያ ድረስ አዎ እና አይደለም በማለት ብቻ ታጥሮ ከቆየ በኋላ ንግግር የማድረግ ዕድል ይሰጠዋል። «ስለፈራሁ ነው፤ ደንበኛሽ ልጄን እገድላለሁ ብሎኝ ነበር» ቢላት ራሷ ባወጣችው ጥያቄ ጉድጓድ ገባች። መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ አትጠይቅ የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው። ከዚህ መዝጊያ ጥያቄ በኋላ ምስክሩ ተንሰቅስቆ ጥፋቱን የሚያምንበት ትዕይንት ሲመጣ የድራማ ስጦታ ነው እንጂ የጠበቃ ብልሃት አይደለም፤ ስትጽፉ ለጠበቃዋ ሳይሆን ለደራሲው መዝግቡት።

የመከላከያው ታሪክ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ የመከላከያውን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሞክሩ። «እዚያ አልነበረም።» «ነበረ፣ ግን ሌላ ሰው ነው የገደለው።» «ገድሏል፣ ግን ራሱን ሲከላከል ነው።» «ገድሏል፣ ግን አእምሮው በጤና አልነበረም።» «ሞቱ አደጋ ነው።» አንድ ዓረፍተ ነገር ካልበቃችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ጠበቃው ሁለት የሚጋጩ ታሪኮችን አንድ ላይ እያስኬደ ነው፦ ተከሳሹ ሌላ ከተማ እንደነበረ በምስክር ያስረዳል፣ በማግስቱ ደግሞ ሟቹ ቀድሞ ቢላ እንደመዘዘ ያስረዳል። ሕጉ አማራጭ መከራከሪያ ማቅረብን ላይከለክል ይችላል፤ ችግሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ሁለቱንም ባንድ ቀን እንዲያምኑ መጠየቁ ላይ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላውንም ይዞት ይወድቃል።

የመክፈቻ ንግግሩን ከመዝጊያው ጋር ማስተያየት እዚህ ላይ ይረዳል። በመክፈቻው ቃል የተገባውን ነገር ሁሉ ዘርዝሩ፦ «አንዲት ጎረቤት ቀርባ ትነግራችኋለች»፣ «የስልክ መዝገቡን ታያላችሁ»። ቃል ተገብቶ ያልመጣ ምስክር ካለ ተጋጣሚው በመዝጊያው ላይ ሊያነሳው ይገባል። ካላነሳው ወይ ተኝቷል፣ ወይ ደራሲው ረስቶታል። የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ ወደ ኋላ ላይ እንመጣበታለን።

ተቃውሞ፦ የትኛው ለስሜት፣ የትኛው ለመዝገብ

በድራማ ውስጥ ተቃውሞ የሚነሳው የትዕይንቱ ፍጥነት ሲቀንስ ነው ቢባል ብዙ አይርቅም። ተመልካች በቀላሉ ሊፈትሻቸው የሚችሉ ሁለት ግን አሉ።

አንደኛው መሪ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ ማለት ነው፦ «ከዚያ በሩን ዘግተህ ወጣህ፣ አይደል?» ጠበቃ የራሱን ምስክር በዋና ጥያቄ ሲጠይቅ ይህ በመርሕ ደረጃ አይፈቀድም፤ ምስክሩ ለጠራው ወገን ጠላት ሆኖ ካልተገኘ በቀር። በመስቀለኛ ጥያቄ ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም መስቀለኛ ጥያቄ በአመዛኙ መሪ ጥያቄ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ መካከል ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ «ምስክሩን እየመራች ነው!» ካለና ዳኛው ከተቀበለው ያ ስህተት ነው፤ ያለምንም ፍርሃት ጻፉት።

ሁለተኛው የስሚ ስሚ ነው፤ ሌላ ሰው ከችሎት ውጭ የተናገረውን እንደ እውነት አድርጎ መመስከር ማለት ነው። ብዙ ተመልካች «እገሌ እንዲህ አለኝ» የሚል ቃል በሰማ ቁጥር የስሚ ስሚ ነው ብሎ ይፈርዳል። ዋናው ጉዳይ ግን ቃሉ የቀረበው ለምንድን ነው የሚለው ነው። አንድ መካኒክ ለመኪናው ባለቤት «ፍሬኑ አልቋል» ብሎት ነበር እንበል። ይህን የሰማ ሌላ ሰው ቀርቦ የሚመሰክረው ፍሬኑ በእርግጥ ማለቁን ለማስረዳት ከሆነ የስሚ ስሚ ነው፤ መካኒኩ ራሱ ይምጣ። ባለቤቱ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ደርሶት እንደነበር ለማስረዳት ከሆነ ግን አይደለም፤ ፍሬኑ ቢያልቅም ባያልቅም መባሉ ራሱ ነው ቁም ነገሩ። ድራማው ላይ ጠበቃዋ ተቃውሞ ሲነሳባት «እውነትነቱን ለማስረዳት አይደለም፣ ማወቁን ለማስረዳት ነው» ብላ ስትመልስ ብትሰሙ፣ ያቺ ጠበቃ ወይም የድራማው የሕግ አማካሪ ሥራውን ያውቀዋል።

ዝም ማለትም ስልት ነው። ጎጂ መልስ ሲመጣ ተቃውሞ ማንሳት ጁሪው ያላስተዋለውን ነገር በቀይ ማስመር ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ተቃውሞ ያልተነሳበት ጉዳይ በይግባኝ ላይ ለመነሳት በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ጠበቃው ዝም ሲል «ተኝቷል» ከማለታችሁ በፊት ያጣውንና ያተረፈውን በሁለት ቃል ጻፉ።

የማይፈቀድ ነገር ሆን ብሎ ከተናገሩ በኋላ «ትቼዋለሁ» ብሎ መቀመጥ የደራሲዎች ተወዳጅ ዘዴ ነው። ከዳኛው መመሪያ በኋላም ከጁሪው ጆሮ አይወጣም ተብሎ ይታሰባል። ማንም የማይከፍልበት ነገር ግን አይደለም፤ ዳኛው ችሎቱን አፍርሶ እንደገና ከዜሮ እንዲጀመር ሊያዝ ይችላል። ይህን ያደረገው ዐቃቤ ሕግ ከሆነና ችሎቱ እንዲፈርስ ተከሳሹን ሆን ብሎ የገፋፋ ከሆነ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው የኦሪገን እና የኬነዲ ውሳኔ መሠረት ያንን ሰው ዳግም መክሰስ ሊከለከል ይችላል። ለተከላካይ ጠበቃ አንዳንዴ የሚያዋጣው ለዐቃቤ ሕግ ሞት ነው።

ተከሳሹ ይናገር ወይስ ይቀመጥ

በተመልካች መካከል ከሁሉ በላይ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ድራማ ተከሳሹን ማናገር አለበት፣ አሠራሩ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ማሰኘትን ይመርጣል። ለመመዘን ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ካልተናገረ ታሪኩን የሚናገርለት ሌላ ማስረጃ አለ ወይ? ራሱን ሲከላከል ገደለ በሚባል ጉዳይ ከሟቹና ከተከሳሹ በቀር ሰው ካልነበረ፣ ሳይናገር የመከላከያው ታሪክ በማን በኩል ይገባል? ሁለተኛ፣ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ የቀድሞ የወንጀል መዝገቡ፣ በተለይም ማታለልን የሚመለከተው፣ ተአማኒነቱን ለማጥቃት ሊወጣ ይችላል፤ ዝም ቢል ግን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ሲናደድ ምን ይመስላል? ድራማው ሁለተኛው ክፍል ላይ ከወንድሙ ጋር ሲጣላ ያሳየን በከንቱ ላይሆን ይችላል።

ዝም ካለ ዐቃቤ ሕጉ በመዝጊያው ላይ «ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ቀርቦ ይናገር ነበር» ማለት አይችልም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1965 በግሪፊን እና ካሊፎርኒያ ጉዳይ ይህን ከልክሏል። ሲባል ከሰማችሁና ተከላካዩ ዝም ካለ ትልቅ ጉዳይ ነው። ድራማው የእንግሊዝ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፦ እዚያ ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ ጁሪው በተወሰኑ ሁኔታዎች ከተከሳሹ ዝምታ ግምት መውሰድ ይችላል። አንድ ዓይነት ትዕይንት፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ።

ማን ነው የሚወስነው የሚለውም የገጸ ባሕርዩን መልክ ያሳያል። ጥፋተኛ ነኝ ማለትን፣ በጁሪ መዳኘትን፣ ራሱ ቀርቦ መመስከርን የሚወስነው ደንበኛው ነው፤ የትኛው ምስክር ይጠራ፣ ምን ይጠየቅ የሚለው ደግሞ የጠበቃው ነው። በ2018 በማኮይ እና ሉዊዚያና ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ከዚህም አልፎ ደንበኛው እየተቃወመ ጠበቃው ለጁሪው «ገድሏል» ብሎ ማመን እንደማይችል ወስኗል፤ ሐሳቡ ከሞት ቅጣት ለማዳን ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ጠበቃዋ «አንተ ዝም በል፣ እኔ አውቅልሃለሁ» ብላ ደንበኛዋን አስቀምጣ ጥፋቱን ስታምንበት ካያችሁ፣ ቆራጥነት ብላችሁ አታሞግሷት።

ደንበኛው እንደሚዋሽ እያወቁ ማቅረብ ሌላ ጣጣ ነው። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር ይጠብቃል፤ ሐሰተኛ ቃል ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ግን የለውም። በ1986 በኒክስ እና ዋይትሳይድ ጉዳይ የታየው ይኸው ነበር፦ ጠበቃው ደንበኛው ቢዋሽ ለፍርድ ቤት እንደሚናገር አስጠንቅቆት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይህ የተከሳሹን መብት አልነካም አለ። በእርግጥ ድራማ የሚጣፍጠው ጠበቃዋ እውነቱን ከምስክርነቱ በፊት ባለው ሌሊት ስታውቅ ነው። ያኔ የሚጠበቅባት ደንበኛዋን ማስመለስ፣ ካልተመለሰ ከጉዳዩ ለመውጣት መጠየቅ ነው። ይህንን ሳትሞክር ቀጥላ ካቀረበችው ገጸ ባሕርይዋ መስመር አልፋለች፤ ብትወዷትም ጻፉት።

የአገሩን ሕግ እዩ

ዳኛው መዶሻ ሲመታ ካያችሁና ችሎቱ የለንደን ከሆነ ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል፤ የእንግሊዝ ዳኞች መዶሻ አይጠቀሙም። ይህ ግን ለመሳቂያ ያህል ነው። ስልትን የሚቀይሩት ሌሎች ናቸው። በአሜሪካ ከ2020ው የራሞስ ውሳኔ ወዲህ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ለማለት የጁሪው ድምፅ በሁሉም ግዛት አንድ መሆን አለበት። አንዷን ጠርጣራ የጁሪ አባል እያየ የሚናገር ጠበቃ ስልቱ የሚገባው ከዚህ አንጻር ነው፤ እሷ ብቻዋን ጥፋተኛ እንዳይባል ማድረግ ትችላለች። ነፃ ማስወጣት ግን አትችልም፤ ችሎቱ ያለ ውሳኔ ይበተንና ዐቃቤ ሕግ እንደገና ሊያቀርበው ይችላል። በእንግሊዝ ግን ጁሪው ቢያንስ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከመከረ በኋላ ዳኛው በ10 ለ2 ድምፅ እንዲወስኑ ሊፈቅድ ይችላል፤ እዚያ የአንዲት ሴት ልብ መግዛት ምንም አይፈይድም።

የጁሪ ምርጫም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በተለመደው ከባድ ወንጀል ተከላካዩ ያለ ምክንያት 10፣ ዐቃቤ ሕጉ 6 እጩዎችን መሰረዝ ይችላል፤ ከ1986ቱ የባትሰን ውሳኔ ወዲህ ግን በዘር ምክንያት መሰረዝ አይቻልም። በእንግሊዝ ያለ ምክንያት መሰረዝ በ1988 ሕግ ቀርቷል። በጃፓን ከ2009 ጀምሮ በከባድ ጉዳዮች ስድስት ተራ ዜጎች ከሦስት ዳኞች ጋር አብረው ይቀመጣሉ። በደቡብ ኮሪያ ከ2008 ጀምሮ ጁሪ አለ፣ ውሳኔው ግን ዳኛውን አያስገድድም፤ የኮሪያ ድራማ ላይ ጠበቃው ጁሪውን አስለቅሶ ዳኛው በተቃራኒው ቢፈርድ የታሪክ ክፍተት አይደለም።

የማን ስህተት ነው?

አስተያየት ሰጪዎች ከሁሉ በላይ የሚምታታባቸው ይኸኛው ይመስለናል። ስህተት ስታዩ ሦስት ባለቤት ሊኖረው ይችላል፦ ገጸ ባሕርዩ ተሳስቷል፣ ደራሲው ተሳስቷል፣ ወይም ስህተት አይደለም፤ ገና ያልተገለጠ ስልት ነው። መለያው ቀላል ነው። በድራማው ውስጥ ስህተቱን ያስተዋለ ሰው አለ ወይ? ተጋጣሚው ፈገግ ካለ፣ ረዳቷ ደንግጣ ካየቻት፣ ዳኛው ቅንድቡን ካነሳ፣ የገጸ ባሕርይዋ ነው። ካሜራው በሆነ ዕቃ ወይም በአንድ ምስክር ፊት ላይ ከሚገባው በላይ ከቆየ ያልተገለጠ ስልት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ክፍል ታገሱ። ማንም ካላስተዋለው፣ ውጤቱም በእሱ ላይ ተንጠልጥሎ ካለፈ፣ የደራሲው ነው።

ይቅር የሚባል የደራሲ ስህተት አለ። የወራት ጉዳይ በሁለት ሳምንት ማለቁ፣ ጠበቃዋ ራሷ መርማሪ ሆና በር ለበር መዞሯ፣ ጠበቆች ከጁሪው አፍንጫ ሥር ቆመው መናገራቸው፣ እነዚህ የድራማ ቋንቋ ናቸው፤ በየክፍሉ መቁጠሩ ያታክታል። ይቅር የማይባለው ውጤቱን የቀየረው ነው። ዋናው ምሳሌ ድንገተኛ ማስረጃ ነው። ችሎቱ ሊዘጋ ሲል በሩ ይከፈታል፣ ማንም የማያውቀው ምስክር ይገባል። በእውነተኛው አሠራር ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው የሚለዋወጡት አለ፤ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን የሚጠቅም ወሳኝ ማስረጃ መደበቅ እንደማይችል ከ1963ቱ የብሬዲ ውሳኔ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤትም ተከላካዩ «ሌላ ቦታ ነበር» የሚል ክርክር ካለው ሲጠየቅ ቦታውንና ምስክሮቹን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ያ በር ሲከፈት ተጋጣሚው ካልተቃወመ፣ ዳኛውም ቢያንስ የዝግጅት ጊዜ ካልሰጠ፣ ድሉ የተገዛው በደራሲው ገንዘብ ነው።

ሌላው ድርድር ነው። ድራማ የድርድር ሐሳብን የፈሪ መንገድ አድርጎ ያሳያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 በሚዙሪ እና ፍራይ ውሳኔ እንዳስቀመጠው በፌዴራል 97 በመቶ፣ በግዛቶች 94 በመቶ የሚሆነው የጥፋተኝነት ውሳኔ የሚመጣው ተከሳሹ ራሱ ጥፋቱን በማመኑ ነው። በዚያው ውሳኔ ጠበቃ የቀረበለትን መደበኛ የድርድር ሐሳብ ለደንበኛው የማድረስ ግዴታ አለበት ተብሏል። ስለዚህ ጠበቃዋ የዐቃቤ ሕጉን ወረቀት ቀድዳ ስትጥለው ጭብጨባ ከማሰማታችሁ በፊት ደንበኛዋ አይቶት እንደሆነ ጠይቁ።

ገጸ ባሕርያቱን ስትመዝኑ ደግሞ በዚያች ሰዓት የሚያውቁትን ብቻ ይዛችሁ መዝኑ። ተመልካች ገዳዩን አይቷል፤ ጠበቃው አላየም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «እኛ እናውቃለን» እና «እሱ ያውቃል» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብታሰምሩ ግማሹ «እንዴት አልገባውም!» የሚለው ቁጣ ይጠፋል። ዐቃቤ ሕጉንም በዚሁ ለኩት፤ ክፉ የሚያሰኘው ጨካኝ ንግግሩ አይደለም፣ በእጁ ያለውን ጠቃሚ ማስረጃ ማስቀመጡ ነው።

ስትጽፉት

አስተያየታችሁን ከረድፉ ጀምሩ፦ «በዚህ ክፍል ዐቃቤ ሕግ ማረጋገጥ የነበረበት ማሰቡን ነው፤ በ31ኛው ደቂቃ ላይ ግን የራሱ ምስክር አፈረሰበት።» ደቂቃውን መጥቀስ ጭቅጭቅን ይቀንሳል፤ ሌላው ሰው ተመልሶ ያየዋል። ፍርዱን ወይም ገዳዩን የሚገልጥ ነገር ካለ በመጀመሪያው መስመር ላይ እስከ ስንተኛው ክፍል ድረስ እንደምትናገሩ አስታውቁ፤ ርእሱ ላይ ግን ስም አትጻፉ። ገጸ ባሕርይዋን መንቀፍና ተዋናይዋን መስደብም ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛው ከዳኝነት ውጭ ነው።

ትንበያ ስትሰጡ ሊፈተሽ የሚችል ይሁን። «ነገሩ ይገለበጣል» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ድራማ ሁልጊዜ ይገለበጣል። «የስልክ መዝገቡን በመስቀለኛ ጥያቄ ያወጡታል፣ ሁለተኛው ረድፍ ይወድቃል» ካላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ልክ መሆን አለመሆናችሁ ይታያል።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ወረቀቱን እንደገና አውጡት። ነፃ ከተባለ የትኛው ረድፍ ነው የተመታው? ሁሉም ረድፍ ቆሞ ነፃ ከተባለ፣ ወይም አንዱ ወድቆ ጥፋተኛ ከተባለ፣ አስተያየታችሁ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው፤ ጁሪው በስሜት እንደወሰነ ድራማው አሳይቶናል ወይስ ደራሲው ረድፉን ዘነጋው? ቀጣዩ ሲዝን በይግባኝ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ምስክር ዳግም እንደማይሰማ፣ የሚመለከተው በሕግ ላይ የተፈጸመ ስህተትን እንደሆነ አስቡ። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ የወረቀቱ ክፍል ጠበቃዋ ተቃውሞ ያነሳችባቸውና ዳኛው ውድቅ ያደረገባቸው ደቂቃዎች ናቸው፤ እነሱን ከሌላው ለይታችሁ በሌላ ቀለም አክብቧቸው።